ጸጥ ያለ ሆቴል ወይስ የተረሳ ሆቴል?

በትምህርት ክፍላችን ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ የሆቴል ክፍል እንደ ቲማቲም ቶሎ የሚበላሽ ሸቀጥ ነው የሚለው ነው። ዛሬ ማታ ያልተሸጠ ክፍል ነገ ተደርቦ አይሸጥም፤ ሌሊቱ ካለፈ አለፈ ነው። ይህን ትምህርት ይዤ ከከተማ ወጣ ያሉ ሆቴሎቻችንን ስመለከት ግን ግራ የሚገባኝ ነገር አለ። ብዙዎቹ የሚሸጡልን አልጋ ሳይሆን ጸጥታ ነው። ማስታወቂያቸውም ከከተማው ግርግር ርቃችሁ እረፉ የሚል ነው። እሺ፣ ጸጥታ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ጸጥታ ሁለት ዓይነት ነው፤ እንግዳው እንዲያርፍ ተብሎ የሚጠበቅ ጸጥታ አለ፣ ዞር ብሎ የሚያይ ሰው በመጥፋቱ የሚመጣ ጸጥታም አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ዋጋ መሸጥ ይብቃ ለማለት ነው።

ነገሩ ወሬ ብቻ እንዳይሆን ያየሁትን ልናገር። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ሦስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ወደሚገኝ ሆቴል ሄድን። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እሱን የሚመስሉ ብዙ ናቸውና። በስልክ ስንጠይቅ ሙቅ ውሃ አለ፣ ምግብም እንደ ልብ ነው ተብለን ነበር። ስንደርስ እንግዳ መቀበያው ተቆልፏል። ዘበኛው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ "ቆዩ ልጆቼ፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነው" ብለውን ሄዱ። ሜኑው ላይ ከሠላሳ በላይ ምግብ ተዘርዝሯል፤ ያለው ግን ሽሮና እንቁላል ነው። ሙቅ ውሃው የሚመጣው መብራት ሲኖር ነው፤ መብራት ደግሞ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጀነሬተሩ የሚሠራው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሲሆን የተተከለውም በመስኮታችን ሥር ነው። የከፈልንበት ጸጥታም የመጣው ጨለማውን አስከትሎ ነው።

ጠዋት ሂሳብ ሲቀርብልን በዋጋው ላይ 15 በመቶ ቫት እና 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተደምሮበታል። አንደኛው ጓደኛችን "ለየትኛው ሰርቪስ?" አለ። ሳቅን። ግን እውነቱን ለመናገር በዚያ ሆቴል ውስጥ አንድ ሰርቪስ ነበር። ቁልፉን የከፈተችልን፣ ሽሮውን የሠራችልን፣ አንሶላውንም የምታጥበው ያችው አንዲት ልጅ ናት። ማለዳ ማንም ሳይጠይቃት በእንጨት ውሃ አሙቃ በባልዲ እያመላለሰች "በርዷችሁ ይሆናል ብዬ ነው" ብላ በራችን ላይ አስቀመጠችልን። ያገራችን ሰው "ከፍትፍቱ ፊቱ" የሚለው ይህንን ነው። ሰርቪስ ቻርጅ ለሠራተኛው የሚከፋፈል ገንዘብ ነው ተብለን ስለተማርን ይደርሳት እንደሆነ ጠየቅናት። "እሱ ደግሞ ምንድነው?" አለችን።

እኔን ከቀዝቃዛው ውሃ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ መልስ ነው። እንግዳውን የያዘችው ሰው ደረሰኙ ላይ በስሟ የሚሰበሰበውን ገንዘብ እንኳ አታውቀውም።

ባለሆቴሎቹ የሚሉት አላቸው። መብራትና ውሃ በእኛ እጅ አይደለም፤ ክረምት ሲገባ እንግዳ ይጠፋል፤ ሠራተኛ ብናሠለጥን ጥሎን አዲስ አበባ ይገባል ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም መብራት ስለጠፋ ሆቴሉን የሚወቅስ እንግዳ ብዙ አይደለም። እንግዳ የሚናደደው ሳይነገረው ሲቀር ነው። በስልክ "መብራት የለም፤ ውሃ በባልዲ እናሞቃለን፤ ያለን ምግብ ይህ ነው" ማለት ስንት ብር ያስወጣል? ሠላሳ የሌለ ምግብ ከመዘርዘር አምስት ያለ ምግብ መጻፍ ወጪ እንኳ ይቀንሳል። ከከተማ ውጭ ያሉ ብዙ ሆቴሎች የሚተዳደሩት በመሥሪያ ቤቶች ስብሰባና ሥልጠና ነው። ተሰብሳቢው የሚመጣው ተመድቦ ስለሆነ ከፋውም ደላውም አበሉን ተቀብሎ ያድራል። በዚህ የተለመደ ሆቴል በገዛ ኪሱ ከፍሎ የመጣውን ሰው እንዴት እንደሚይዝ ቢጠፋበት አይገርምም።

ሙያው ለሀገራችን አዲስ ሆኖ ነው እንዳይባል አቶ በቀለ ሞላ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ ሆቴል ከፍተው ስማቸው የመንገደኛ ሁሉ መጠሪያ ከሆነ ስንት ዘመኑ! የካተሪንግና ቱሪዝም ማሠልጠኛም ከተቋቋመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2007 ዓ.ም. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ድጋፍ ለአዲስ አበባ ሆቴሎች የኮከብ ደረጃ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. "የ13 ወር ፀጋ" የሚለው የቱሪዝም መፈክራችን "ምድረ ቀደምት" በሚል ተተካ። በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ደግሞ በጎርጎራ፣ በወንጪና በኮይሻ ያማሩ ማረፊያዎች ተሠሩ። ይህ ሁሉ ደስ ይላል። ግን መምህሩ፣ አዲስ ተጋቢው፣ ጡረተኛውና ተማሪው የሚያርፈው በተራው ሆቴል ነው። መፈክሩ ሲቀየር የዚያ ሆቴል አንሶላ አብሮ አልተቀየረም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ከመካከላችን ለተግባር ልምምድ ከአዲስ አበባ ውጭ መድቡኝ ያለ ሰው እኔ አላጋጠመኝም። ሁሉም የሚፈልገው ከሜክሲኮ በአንድ ታክሲ የሚደረስበትን፣ ቦሌና ካዛንቺስ ያለውን ባለ ኮከብ ሆቴል ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቤተሰብ እዚህ ነው፣ የሥራ ዕድሉም እዚህ ነው። ግን በትልቅ ሆቴል አንድ ወር ሙሉ ብርጭቆ ሲወለውል የሚከርም ተለማማጅ ስንት ነው? በገጠር ሆቴል በአንድ ቀን እንግዳ መቀበሉንም፣ ግዢውንም፣ ወጥ ቤቱንም፣ ሂሳቡንም ያገኛል። ያች ልጅ እኮ አራት የሥራ ክፍል ብቻዋን ነው የያዘችው።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍሉ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየዓመቱ ጥቂት ፈቃደኛ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ለአንድ ወር ወደ ገጠር ሆቴሎች ይመደቡ። ሆቴሉ ማደሪያና ምግብ ይቻላቸው። እነሱም ሲመለሱ ለሆቴሉ አጭር ሜኑ፣ በስልክ ለሚጠይቅ እንግዳ የሚሰጥ እውነተኛ መልስ፣ የክፍል ጽዳት ቅደም ተከተልና የሰርቪስ ቻርጅ አከፋፈል መዝገብ ሠርተው ይተዉለት። ባለሆቴሉ መዝገቡን አልፈልግም ካለ በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ አይላክለት። ወጪው የትራንስፖርት ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ዙር ፈቃደኛ ከተጠየቀ እኔ እመዘገባለሁ፤ ሁለተኛ ሰው ግን ያስፈልገኛል።