ድንበሩ ሲንጋፖር ሳይሆን ቦሌ ነው! በደሴት ኤርፖርት ትራንዚት የምታደርጉ ይህን ሳታነቡ ትኬት አትቁረጡ

ሁለት ጓደኛሞችን አስቡ። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ተነስተው በሲንጋፖር በኩል ወደ አንድ ከተማ ነው የሚሄዱት። ሁለቱም የኢትዮጵያ ፓስፖርት አላቸው፤ የመድረሻቸውንም ቪዛ ይዘዋል። እሷ ሲንጋፖር ስትደርስ ቀጣዩን በር ፈልጋ፣ ስልኳን ቻርጅ አድርጋ፣ ትንሽ ጋደም ብላ ጉዞዋን ትቀጥላለች። እሱ ግን ገና ቦሌ ቼክ ኢን ላይ ይያዛል። "ሻንጣህ የሚሄደው እስከ ሲንጋፖር ብቻ ነው። እዛ ወርደህ ልታወጣው ነው። የመግቢያ ካርድ ሞልተሃል? ቢጫ ካርድ ይዘሃል?" ይባላል። አልያዘም። በረራው ሊዘጋ 40 ደቂቃ ቀርቶታል።

ልዩነታቸው ምንድነው? ትኬቱ ነው። እሷ አንድ ትኬት ቆረጠች። እሱ "ይቀንስልኛል" ብሎ ከሁለት አየር መንገድ ሁለት ለየብቻ ገዛ።

ይሄ ነገር ድሮም ነበር። አሁን ግን ዋጋው ጨምሯል። ለምን እንደሆነ እንየው።

ምን ተቀየረ?

ሲንጋፖር ከጃንዋሪ 30፣ 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አሰራር ጀምራለች። የአገሪቱ ኢሚግሬሽን የተሳፋሪዎችን ዝርዝርና በኦንላይን የሞሉትን የመግቢያ ካርድ አስቀድሞ ያያል። "ይሄ ሰው አይገባም" ካለ፣ ሰውዬው ሲንጋፖር እስኪደርስ አይጠብቅም። ለአየር መንገዱ "እንዳታሳፍሩት" የሚል ትዕዛዝ ይልካል። ቪዛ እያስፈለገው የሌለው፣ ወይም ፓስፖርቱ ላይ ከ6 ወር ያነሰ ጊዜ የቀረው ሰው እዚህ ውስጥ ይገባል። አሰራሩ በጥቂት አየር መንገዶች ተጀምሮ ወደ ሌሎቹ እየሰፋ የሚሄድ ነው። ትዕዛዙን ጥሶ ያሳፈረ አየር መንገድ እስከ 10,000 የሲንጋፖር ዶላር ይቀጣል።

በቀላል አማርኛ ድንበሩ ቦታ ቀይሯል ማለት ነው። ድሮ ፓስፖርታችሁን የሚያገላብጠው መኮንን ደሴቷ ላይ ነበር የተቀመጠው። አሁን ውሳኔው የሚደርሳችሁ በተነሳችሁበት ከተማ፣ ቼክ ኢን ላይ ቆማችሁ ነው።

"እኔ ትራንዚት ነኝ እንጂ ሲንጋፖር አልገባም፣ ምን አገባኝ?" ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ችግሩ ግን ትራንዚት መሆናችሁንና አለመሆናችሁን የሚወስነው እናንተ የምትሉት አይደለም። ትኬታችሁና የሻንጣችሁ ታግ ነው።

ደሴት ኤርፖርት ለምን ይለያል?

ሲንጋፖር የአገር ውስጥ በረራ የላትም። ቻንጊ ኤርፖርት ላይ የሚያርፈው ሁሉ ከውጭ ነው፣ የሚነሳውም ወደ ውጭ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ 67.7 ሚሊዮን መንገደኛ አስተናግዷል፤ ከአገሪቱ ሕዝብ ከ10 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አገሪቱን ሳይረግጥ የሚያልፍም አለ። ስለዚህ ኤርፖርቱ የተሰራው እንዲህ እንዲሆን ነው፤ ከአንዱ አውሮፕላን ወርዳችሁ ኢሚግሬሽን ሳትነኩ ወደሌላው ትሻገራላችሁ።

ይሄ ግን የሚሰራው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። አንድ፣ የቀጣዩን በረራ ቦርዲንግ ፓስ ይዛችኋል ወይም እዛው ትራንዚት ካውንተር ላይ ማውጣት ትችላላችሁ። ሁለት፣ ሻንጣችሁ እስከ መጨረሻው ከተማ ታግ ተደርጓል። ሦስት፣ የምትሄዱበት አገር ቪዛ አላችሁ። አንዱ ከጎደለ ትራንዚት መሆናችሁ ቀርቶ "ገቢ መንገደኛ" ትሆናላችሁ። ያኔ ኢሚግሬሽን፣ ጉምሩክ፣ እንደገና ቼክ ኢን፣ እንደገና ኢሚግሬሽን ነው።

የመጀመሪያው በር፦ ኢሚግሬሽን

እዚህ ላይ መልካም ዜና አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲንጋፖር ቪዛ ከምትጠይቃቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። ግን "ቪዛ አያስፈልግም" ማለት "ዝም ብለህ ግባ" ማለት አይደለም። የመመለሻ ወይም የቀጣይ ጉዞ ትኬት፣ በቂ ገንዘብ፣ የምታርፉበት ቦታ ሊጠየቅ ይችላል። የመጨረሻው ውሳኔም የመኮንኑ ነው።

ለሚገባ ሰው የግድ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የሲንጋፖር የመግቢያ ካርድ ነው። የሚሞላው በኦንላይን ነው፤ የምትደርሱበትን ቀን ጨምሮ በ3 ቀን ውስጥ። ነጻ ነው። ቪዛም አይደለም። ጎግል ላይ ስትፈልጉ ከላይ ከሚመጡት አንዳንዶቹ ብር የሚጠይቁ የማጭበርበሪያ ድረ ገጾች ናቸው። ክፈሉ ካላችሁ ውጡ፤ በኢሚግሬሽኑ የራሱ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ብቻ ሙሉ። ኢሚግሬሽን ሳያልፍ በዛው የሚቀጥል ትራንዚት መንገደኛ ይሄን መሙላት አይጠበቅበትም።

ሁለተኛው ብዙዎቻችን የምንረሳው ነው፤ ቢጫ ካርድ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ውስጥ ስለተመዘገበች፣ ከዚህ ተነስቶ ሲንጋፖር የሚገባ ሰው የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ከሌለው ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ዋዜማው ላይ መሮጥ ዋጋ የለውም። አንዴ ከወሰዳችሁ ግን ለዕድሜ ልክ ነው።

ሁለተኛው በር፦ ጉምሩክ

ከዚህ የምንሄድ ሰዎች ሻንጣ ይታወቃል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴ ቋንጣ። ሻንጣችሁ በቀጥታ እስከ መጨረሻው ከተማ ታግ ከተደረገ የሚፈተሸው በዋናነት እዛ፣ በመድረሻችሁ ሕግ ነው። ሲንጋፖር ላይ ካወጣችሁት ግን የሲንጋፖር ጉምሩክ ሕግ ውስጥ ገባችሁ።

ያ ሕግ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ቬፕ ይዞ መገኘት ክልክል ነው። ማስቲካ ማስገባት ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው። ሲጋራ ከቀረጥ ነጻ የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ፓኮ ቢሆንም አሳውቃችሁ ቀረጥ ትከፍላላችሁ። ስጋ ከተፈቀደላቸው አገሮች ብቻ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ቋንጣው ቤት ይቅር። ከ20,000 የሲንጋፖር ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ማሳወቅ አለበት። ጫትንማ አታስቡት። እኛ ጋ ገበያ ላይ ስለሚሸጥ ሌላም ቦታ ሰላም ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ አገሮች ዕፅ ብለው ከልክለውታል።

አንድ ነገር ላይ ግን ትራንዚት መሆን ራሱ አያድንም። አደንዛዥ ዕፅ ላይ። በ2002 እ.ኤ.አ. ቫን ቱዎንግ ንጉየን የሚባል የ22 ዓመት አውስትራሊያዊ ከካምቦዲያ ወደ አውስትራሊያ ሲሄድ ቻንጊ ላይ አውሮፕላን ሊቀይር ነበር። ወደ ከተማዋ ሊገባ አልነበረም። ወደ 400 ግራም የሚጠጋ ሄሮይን ተገኘበት። የአውስትራሊያ መንግሥት ቢለምንም በዲሴምበር 2005 ተሰቀለ። በሲንጋፖር ሕግ ከ15 ግራም በላይ ሄሮይን ማዘዋወር ሞት ያስፈርዳል።

ይሄን የምናነሳው ለማስፈራራት አይደለም። እኛ አገር "ይቺን ዕቃ ለእህቴ አድርስልኝ" የሚባል ነገር አለ። ፍቅር ነው፣ ባህል ነው። ነገር ግን ሻንጣው ላይ ያለው ስም የእናንተ ነው። ያልከፈታችሁትን፣ ያላያችሁትን ዕቃ አትያዙ። ይሉኝታ ፍርድ ቤት ቀርቦ አይከራከርላችሁም።

ሦስተኛው በር፦ ቀጣዩ በረራ

በአንድ ትኬት የሚሄድ ሰው የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው፣ በሚቀጥለው እንዲሄድ የማድረጉ ኃላፊነት በአየር መንገዱ ላይ ነው። በሁለት ትኬት የሚሄድ ሰው ግን ለሁለተኛው አየር መንገድ በቃ የቀረ መንገደኛ ነው። ትኬቱ ተቃጠለ። "አውሮፕላኑ ዘግይቶብኝ ነው" ቢል ያ የእነሱ ጉዳይ አይደለም።

የኤርፖርቱን አሰራር ማወቅም ይጠቅማል። ቻንጊ ላይ ተርሚናል 1፣ 2 እና 3 ኢሚግሬሽን ሳታልፉ በባቡር ይገናኛሉ። ተርሚናል 4 ግን ለብቻው ስለሆነ የምትሄዱት በአውቶቡስ ነው፤ ተጨማሪ ጊዜ ያዙ። በሦስቱ ተርሚናሎች የደህንነት ፍተሻው መሳፈሪያው በር ላይ ነው። ስለዚህ በሩ ይዘጋል ከተባለበት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ውኃም እዛው ይቀራል።

በቲክቶክ የምታዩት ያ 40 ሜትር የቤት ውስጥ ፏፏቴ ደግሞ ያለው ከኢሚግሬሽን ውጪ ነው። እሱን ቀርባችሁ ለማየት አገሪቱ መግባት አለባችሁ፤ ማለትም ካርዱም፣ ቢጫ ካርዱም ያስፈልጋል። ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 24 ሰዓት የሚቆይ ትራንዚት ያለው ሰው ነጻ የከተማ ጉብኝት መመዝገብ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ለመግባት ብቁ ለሆነ ሰው ነው።

ሁሉም ደሴት ሲንጋፖር አይደለም

ትልቁ ስህተት "አንዴ በዚህ በኩል አልፌያለሁ፣ ሌላውም እንደዛው ነው" ማለት ነው።

ጉዋምና ሆኖሉሉም የደሴት ኤርፖርቶች ናቸው። ግን የአሜሪካ ናቸው። አሜሪካ ላይ ሳይገቡ ማለፍ የሚባል ነገር የለም፤ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ብትወርዱም ኢሚግሬሽን ታልፋላችሁ። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የትራንዚትም ቢሆን ቪዛ የግድ ነው።

እንግሊዝም ደሴት ነች። እዛ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ከኤርፖርቱ ሳትወጡ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ራሱን የቻለ የትራንዚት ቪዛ አለ። አውሮፓም ዞር ስትሉ ያው ነው። የሸንገን አገሮች ኤርፖርት ውስጥ ለማለፍ ብቻ ቪዛ የሚጠይቋቸው 12 አገሮች የጋራ ዝርዝር አላቸው። ኢትዮጵያም ኤርትራም አሉበት። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ የያዘ ሰው ከዚህ ነጻ የሚሆንበት ሁኔታ አለ፤ ያልያዘ ግን "ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው" ቢል አይሰማም።

ለእኛ ለምን ጥያቄ ይበዛል?

እውነቱን እንነጋገር። ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚሄድ ወጣት ኢትዮጵያዊ በቅርብ ዓመታት ጥያቄ የበዛበት ያለ ምክንያት አይደለም። በፌብሩዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ከማይናማር የኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 የሚሆኑ የውጭ ዜጎች ውስጥ ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ "ጥሩ ሥራ አለ" ተብለው ነበር የሄዱት። ጉዟቸው የተጀመረው እንደማንኛውም ሰው በትኬትና በቦርዲንግ ፓስ ነው።

ስለዚህ ቼክ ኢን ላይ "የት ነው የምትሄደው? ማን ይቀበልሃል? ምን ልትሰራ?" ሲባል ያናድዳል፤ አንዳንዴም ክብር ይነካል። ግን ለአንዳንዱ ያቺ ጥያቄ የመጨረሻዋ መውጫ በር ናት። ደላላ "ቱሪስት ነኝ በል" ብሎ አስጠንቶ የላካችሁ ከሆነ፣ ቆም ብላችሁ አስቡ። ትክክለኛ ሥራ መጀመሪያ እንድትዋሹ አያደርግም።

በሌላ በኩል ያልተመለሰ ጥያቄ አለ። ድንበሩ ወደ ቼክ ኢን ሲመጣ ዳኛው የአየር መንገድ ሠራተኛ ይሆናል። ስህተት ቢፈጠር ወረፋ ላይ ቆሞ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለም። ሲንጋፖር የተከለከለ ሰው ለኢሚግሬሽኗ ጽፎ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል ትላለች፤ ግን በረራው ያን ጊዜ ሄዷል። ሠራተኛውም ቢሆን አሳፍሮ ቅጣት ከሚመጣበት ከልክሎ ቢያሳዝን ይመርጣል። ኪሳራው የሚያርፈው ትኬቱን በብድርና በእቁብ በገዛው ሰው ላይ ነው። ለዚህ ነው ጥንቃቄው ትኬት ከመቁረጥ በፊት መጀመር ያለበት።

ስክሪንሾት የሚደረግ

1. በተቻለ መጠን በአንድ ትኬት ሂዱ። በሁለት ትኬት የሚገኘው ቅናሽ አንድ በረራ ካመለጠ ገደል ይገባል።
2. ትኬት ቢሮውን ወይም ኤጀንሲውን "ሻንጣዬ እስከ መጨረሻው ይሄዳል?" ብላችሁ ጠይቁ። ቦሌ ላይም ታጉ ላይ ያለውን የከተማ ስም በዓይናችሁ እዩ።
3. የትራንዚቱን አገር የቪዛ ሕግ ከዛው አገር የመንግሥት ድረ ገጽ አንብቡ። "ጓደኛዬ አልፏል" ማስረጃ አይደለም።
4. ፓስፖርታችሁ ላይ ከ6 ወር በላይ መቅረቱን አረጋግጡ።
5. ቢጫ ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ያዙ።
6. ቪዛ፣ ትኬት፣ የማረፊያ ማስረጃ ስልክ ላይም ወረቀት ላይም ይኑራችሁ። ዋይፋይ እስኪገኝ የሚጠብቅ የለም።
7. የሰው ዕቃ ሳታዩ አትቀበሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሚበር ጓደኛ ካላችሁ ይሄን አሁኑኑ ላኩለት። ቦሌ ከደረሰ በኋላ ብትልኩለት ዘግይቷል።