መሰኪያው ገጠመ፤ ኤሌክትሪኩስ?

ትምህርታችንን በአሜሪካ አጠናቀን ስንመለስ ለእናታችን የኤሌክትሪክ ቡና ማፍያ ይዘን መጥተን ነበር። የመሰኪያው እግሮች ጠፍጣፋ ስለነበሩ ክብ ቀዳዳ ካለው የቤታችን ሶኬት ጋር አልገጠሙም። በጥቂት ብር አዳፕተር ገዛንና ሰካነው፤ ገጠመ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ማፍያውም ፀጥ አለ። እናታችን አንዳች ሳይናገሩ ተነሥተው ጀበናቸውን ጣዱ። በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ይዘን ከመጣን ወዲህ ከዚያ ዝምታ የከበደ ፈተና አልገጠመንም።

ከማፍያው ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ «120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ፣ 900 ዋት» ይላል። ብናሰላው በአሜሪካ 7.5 አምፔር ይስባል፤ የማሞቂያ ሽቦው ሬዚስታንስም 16 ኦም ይሆናል። ይኸው ሽቦ ከአገራችን 220 ቮልት ጋር ሲገናኝ 13.75 አምፔር ይስባል፤ ኃይሉም 3,025 ዋት ይደርሳል። ቮልቴጁ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ አለፈ፤ ኃይል የሚያድገው በቮልቴጁ ስኩዌር መጠን ነውና። አዳፕተሩ የለወጠው የመሰኪያውን ቅርጽ ብቻ ነበር።

የተገላቢጦሹም አለ። ለነፃ ትምህርት ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተማሪ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ ከዚህ ይዞ ሄዶ በዚያ ተራ ሶኬት ላይ ቢሰካው የሚያገኘው 1,040 ዋት ገደማ ነው። ምጣዱ አይቃጠልም፤ እንጀራው ግን ዐይን አያወጣም።

ብዙዎችን የሚያሳስታቸው ስልካቸው ይመስለናል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50ም ሆነ 60 ሄርዝ እንዲቀበሉ ሆነው ስለሚሠሩ በአዳፕተር ብቻ ከዋሽንግተን እስከ ዱባይ ያለ ችግር ያገለግላሉ። ተጓዡም ይህን አይቶ ካውያውንና የፀጉር ማድረቂያውን በዚያው አዳፕተር ይሰካል። በጽሑፉ ላይ አንድ ቮልቴጅ ብቻ ከተጠቀሰና የአገሩ ቮልቴጅ ከዚያ ከተለየ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ እርሱም ከዕቃው ዋት በላይ የሚሸከም መሆን አለበት። ለ50 ዋት በተሠራ ትራንስፎርመር ላይ የ900 ዋት ማፍያ ቢጫንበት ራሱ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ፍሪኩዌንሲን ደግሞ ትራንስፎርመር አይለውጥም፤ በ60 ሄርዝ የሚመራ የግድግዳ ሰዓት እዚህ ቢሰካ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።

በእንግሊዝና በዱባይ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ላይ ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ለማስገባት ሦስተኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ የሚከፍቱ ሰዎችንም አይተናል። ያ ቀዳዳ የመሬት መስመር ነው። ረዘም ያለችው የመሬት እግር ቀድማ ስትገባ የሌሎቹን ቀዳዳዎች መዝጊያ ትከፍታለች፤ መዝጊያው የተሠራው የሕፃናት ጣት ወይም ሽቦ እንዳይገባ ነው። እስክሪብቶው የሚያታልለው ይህንን መከላከያ ነው።

ጥፋቱን በተጓዦች ላይ ብቻ መጫን ግን ተገቢ አይመስለንም። እኛ የፊዚክስ መምህራን «16 ኦም ሬዚስታንስ ያለው ሽቦ ከ220 ቮልት ጋር ቢገናኝ» ብለን ጠይቀን ትክክለኛውን መልስ ስናገኝ ረክተን እንቀመጣለን፤ እንዲህ ያለ ሽቦ በተማሪው ቤት ካውያ ውስጥ እንዳለ አንነግረውም። በእኛ አመለካከት የኤሌክትሪክ ምዕራፍ መጀመር ያለበት ከቤት የመጣ ዕቃ ገልብጦ ጽሑፉን በማንበብ ነው። ያ የቡና ማፍያ ዛሬ በቤተ ሙከራችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ተማሪዎች ገልብጠው ያነቡታል፤ ያሰላሉ፤ ለምን እንደተቃጠለም ይጽፋሉ። የእናታችንን ዝምታ ግን አንተርክላቸውም።