ሽመልስ ወይስ ጋቶች? መጀመሪያ ሜዳውን መልሱልን!

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ሁለት ሰው ማኪያቶ ይዞ ከተቀመጠ ሦስተኛው ጭቅጭቅ ነው። ከአጠና ተራ እስከ 18 ማዞሪያ፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ ብትሄዱ የኑሮ ውድነቱ ወሬ ሲያልቅ ኳስ ይነሳል። ኳስ ከተነሳ ደግሞ ዓመታት ያላስረጁት ጥያቄ አይቀርም፤ «ሽመልስ በቀለ ነው ጋቶች ፓኖም የሚበልጠው?»

ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም። እኔን የሚያንገበግበኝ አመላለሳችን ነው። ክርክራችን ውስጥ ኳስ የለም፤ ማልያ ነው ያለው! ሽመልስን የሚያወድሰው ጊዮርጊስ ስለተጫወተ ነው። ጋቶችን የሚያወድሰው ቡና ቤት ስላደገ ነው። ጉዱ የታየው ጋቶች በ2014 ዓ.ም የጊዮርጊስን ማልያ የለበሰ ጊዜ ነው። «እንጨት ነው!» ሲሉት የከረሙት ተነስተው አጨበጨቡ፤ ሲያጨበጭቡለት የኖሩት ደግሞ ድንገት ጉድለቱ ታያቸው። ሰውዬው ያው ሰውዬ፣ እግሩም ያው እግር! እንዲህ ያለ ሚዛን ጤፍ ተራ ቢገኝ ነጋዴው ይታሰር ነበር።

እስቲ ማልያውን አውልቀን እንመዝናቸው።

ሽመልስ የሀዋሳ ልጅ ነው። ከሀዋሳ ከነማ ወደ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ሄደ። ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ግብፅ ውስጥ ለፔትሮጀት፣ ቀጥሎም ለምስር ኤል ማቃሳና ለኤል ጎና ተጫውቷል። ጥንካሬው ኳስ ሳይደርሰው ማየቱ ነው። ዞሮ ሲቀበል ቀጣዩን ቅብብል አስቦ ጨርሷል። በተከላካዮች መሃል ሰንጥቆ ይሰጣል፤ ራሱም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ የመጀመሪያዋን ዳዋ ሆቴሳ፣ ሁለተኛዋን እሱ አገባ። በግብፅ ሊግ እንጀራውን የሚበላ ሰው ግብፅን ቀጣ! በእርግጥ ሳላህ በጉዳት አልነበረም፤ ቢሆንም ግብፅ ግብፅ ነው።

ድክመቱስ? አለው እንጂ! ሰውነቱ ቀላል ነው፤ ጉልበተኛ አማካይ ሲያርፍበት ከጨዋታው ይጠፋል። ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ወደ ኋላ የሚሮጠው እግሩ ወደ ፊት እንደሚሮጠው አይደለም። ቡድኑ ሲታፈን «ሽመልስ የት አለ?» ብለን የጮህንባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም።

ጋቶች የጋምቤላ ልጅ ነው። ቁመቱ ብቻውን አጥር ነው። ቴስታ የሱ ነው፤ ነጥቆ ማስጣል የሱ ነው፤ ከሩቅ አክርሮ መምታትና ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ሳይርበተበቱ መቆም ያውቅበታል። በ2009 ዓ.ም መጨረሻ ከቡና ተነስቶ ሩሲያ፣ አንዢ ማካችካላ ገባ። እዚያ ብዙ አልቆየም፤ ግን በሩን ማንኳኳቱ ቀላል ነገር ነው እንዴ?

የሱም ድክመት አይደበቅም። ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል መዞሩ ይከብደዋል። ሲያፋጥኑት ቅብብሉ ይሻክራል፤ ዘግይቶ ሲደርስ ጥፋት ይሠራል። በዚያ ላይ ክለብ ሲያቀያይር አንድ ቦታ ረግቶ መብሰል አልሆነለትም።

እንግዲህ ፍርዱ ይኸውና፤ የሚቀየም ይቀየም! ተጫዋች ለተጫዋች ከሆነ ሽመልስ ይበልጣል። በሰው ሀገር ሊግ ዓመት ከዓመት ተሰልፎ መኖር በዕድል አይገኝም። ለዋልያዎቹ ብርቅ የሆነው ግን የጋቶች ዓይነት ነው። እኛ ዘንድ ኳስ የሚያሽሞነሙን፣ አብዶ የሚሠራ ልጅ ሞልቷል። ተከላካዩ ፊት ቆሞ በሩን የሚዘጋ ነው የጠፋው። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በበቃንበት በ2005 ዓ.ም ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ስትቀጣን መሃላችን ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም ደግሞ ካሜሩን ላይ በ4ኛው ደቂቃ ቀድመን አግብተን 4 ለ 1 ወጣን። «ያን ጊዜስ ጋቶች ስብስቡ ውስጥ አልነበረም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነበር። አንድ እንጨት አይነድም፤ አንድ ሰውም ግድግዳ አይሆንም። ከኋላው የሚተካው፣ ከጎኑ የሚያግዘው የት አለና?

ደግሞስ «ማን ይበልጣል?» ብቻ ማለት ማንን ጠቀመ? እንግሊዞች «ጄራርድ ወይስ ላምፓርድ?» እያሉ ተባሉ፤ በአውሮፓ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በዓለም ዋንጫ በ2006 ሁለቱንም ይዘው በፖርቹጋል መለያ ምት ከሩብ ፍጻሜ ተመለሱ። ስፔን ግን ዣቪን ከኢኒዬስታ ሳታማርጥ ከኋላቸው ቡስኬትስን አቁማ በ2010 የዓለምን ዋንጫ ወሰደች። ብልህ ሰው ገበሬውንና በሬውን አያፎካክርም፤ አብረው እንዲያርሱ ያደርጋል እንጂ!

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ። አንደኛው ሀዋሳ፣ ሌላኛው ጋምቤላ ተወለዱ። የኮልፌው ልጅስ? የአየር ጤናው፣ የካራ ቆሬውስ ልጅ? ይህን የሚያህል የሕዝብ ብዛት ያለው ክፍለ ከተማ በሌላው ልጅ እየተጨቃጨቀ የሚኖረው ለምንድን ነው? እግር ጠፍቶ ነው? አይደለም። ሜዳ ጠፍቶ ነው!

እኔ ልጅ ሳለሁ ከአጠና ተራ በለመንነው እንጨት የጎል ቋሚ ተክለን፣ በካልሲ ኳስ ከቀትር እስከ ምሽት እንጫወት ነበር። ድንጋይ ነበረው፣ ክረምት ላይ ጭቃ ነበረው፤ ግን ሰፊ ነበር። አንድ ቀን አንድ የቀበሌ ሹም ሜትር ይዞ መጣ፤ በሳምንቱ ቆርቆሮ ታጠረ። «ለልማት ነው» ተባልን። የማን ልማት እንደሆነ የጠየቀም፣ የመለሰም የለም። ዛሬ የሰፈሬ ልጅ ኳስ የሚጫወተው ሚኒባስ በሚያልፍበት ኮብልስቶን ላይ ነው። በዚያች ጠባብ መንገድ አብዶ መማር ይችል ይሆናል። ሜዳ ሙሉ ማየት፣ ቦታ መጠበቅ፣ 30 ሜትር ቅብብል ማድረስ ግን ከየት ይምጣለት? አማካይ እኮ የሚሠራው በስፋት ውስጥ ነው!

የታችኛው እንዲህ ከሆነ የላይኛው ምን ይደንቃል? ያ ግብፅን ያሸነፍንበት ጨዋታ «የሜዳችን» ጨዋታ ነበር፤ ማላዊ ላይ! ካፍ ስታዲየሞቻችሁ አይመጥኑም ስላለን ነው። ህዳር 2014 ዓ.ም ጋናን «ያስተናገድነው» ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ህዳር 2016 ዓ.ም ቡርኪና ፋሶን «ተቀብለን» 3 ለ 0 የተሸነፍነው ሞሮኮ፣ ኤል ጃዲዳ ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም ግንባታው የተጀመረው፣ 62 ሺህ ሰው ይይዛል የተባለለት የአደይ አበባ ስታዲየም በዚያን ጊዜም አላለቀም ነበር። እንግዲህ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ የሚከርም ቡድን የአማካይ ችግር አለበት ወይስ የባለቤት?

በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ይህቺው ግብፅ 4 ለ 2 ተሸንፋ ዋንጫው እዚህ ቀርቷል። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ቡድኑ 2 ለ 1 ሲመራ የአቻነቷን ጎል አገባ። ያን ጊዜ ሀብታም ስለነበርን አይደለም፤ የምንጫወትበት ቤት ስለነበረን ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ጭቅጭቁን አላስቆማችሁም፤ እኔም አላቆምም። ግን አድራሻውን እንቀይር! የክፍለ ከተማችንን ሹማምንት እንጠይቅ፤ በየወረዳው ስንት ሜዳ ነበር፣ ስንቱ ቀረ፣ የጎደለውን ማን በምን ፊርማ ወሰደው? ፌዴሬሽኑን እንጠይቅ፤ ለታዳጊው ውድድር የትኛውን ሜዳ አዘጋጀህ? «በጥናት ላይ ነው» የምትለዋን መልስ ደግሞ አንቀበል። ጥናቱ ሳያልቅ ልጁ ጢም ያወጣል!

ሽመልስና ጋቶች የአቅማቸውን ሠርተዋል። አልሠራም ያለው በብዕሩ ሜዳ የሚቆርሰው ነው። የሱን ድክመትና ጥንካሬ የምንመዝንበት ቀን ይምጣልን!

ቸር ይግጠመን!