ድቻ ማንን አስፈረመ ሳይሆን ማንን አሳደገ?



ሊጉ ካለቀ ወዲህ ሶዶ ላይ ሻይ ቤት የተቀመጠም፣ ባጃጅ የተሳፈረም የሚሰማው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ድቻ ማንን አስፈረመ?» የዝውውር መስኮት ሲከፈት ስልካችን ከእጃችን አይወርድም። እገሌ ፈረመ፣ እገሌ ውሉን አራዘመ፣ እገሌ ሄደ። እኔም እከታተላለሁ፣ ምን ይደበቃል። ግን በጣም የሚያጓጓኝ ብዙ ሰው ሼር የማያደርገው ዜና ነው፦ ዘንድሮ ከታዳጊው ቡድን ወደ ዋናው ያደጉት ልጆች እነማን ናቸው?

አሜሪካኖች ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታ አንድ የሚያስቀና ሥርዓት አላቸው። በየዓመቱ ልክ በዚህ በእኛ ሐምሌ ክለቦቹ ገና ደመወዝተኛ ያልሆኑ የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ይመርጣሉ። በፈረንጆቹ 1965 የተጀመረ ነው፤ አሁን 20 ዙር አለው። ውጤት ያጣ ክለብ ቀድሞ የመምረጥ የተሻለ ዕድል ያገኛል። የተመረጠው ልጅ በማግስቱ ዋናው ቡድን ውስጥ አይሰለፍም፤ አብዛኛው በታችኛው ሊግ ዓመታት ይቆያል፤ ብዙውም እዚያው ይቀራል። ደጋፊው ግን ስሙን ይይዛል። ክለቡ በአደባባይ «ይህን ልጅ መርጫለሁ» ስላለ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ «ያ ልጅ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ተራ የለም። ልጅ የሚገኘው አሰልጣኝ አይቶት፣ ሰው ጠቁሞት ወይም ለሙከራ መጥቶ ነው። ይሁን፣ የአገራችን እግር ኳስ እንደዚህ ነው። ስሙን በአደባባይ መጥራትና በኋላ መጠየቅ ግን ምንም ወጪ የለውም።

ለምን ድቻ ላይ አተኮርክ ካላችሁኝ፣ ስሙ ራሱ ያስገድዳል። ድቻ በቋንቋችን እድገት ማለት ነው። በ2001 የተመሠረተ ክለብ በ2006 ፕሪሚየር ሊግ ገባ። በ2009 የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሳ። በ2010 ደግሞ በዘላለም ሽፈራው አሰልጣኝነት ዛማሌክን ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸንፎ፣ በመለያ ምት ጣለው። ነገሩ በብር ቢሆን ኖሮ እኮ ዛማሌክ ፊት ባልቆምን ነበር!

ከእኛ ቤት የወጡትንም አስቡ። ቸርነት ጉግሳን ቅዱስ ጊዮርጊስ ወሰደው። በዛብህ መለዮን በፋሲል ከነማ ማሊያ አየነው። ልጅ ሲሄድ ያማል። ግን ሁሌም ትልልቆቹ ይወስዱብናል፤ ይህን የምንቀይረው ዛሬ አይደለም። በእጃችን ያለው ቀጣዩን አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው።

«ሊግ በልጅ አይያዝም፣ ብንወርድስ?» የሚል አለ። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ መውረድ ቀልድ አይደለም። እኔም አሥራ አንዱም ታዳጊ ይሁን አላልኩም። ሁለት ሦስት ልጅ ልምድ ባላቸው ተጫዋቾች መሀል ይግባ ነው የምለው። ሂሳቡን እንየው። ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት የመጣ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ በነፃ ይሄዳል፤ ለክለቡ የሚቀር ነገር የለም። በ2011 ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የወሰነው እኮ የክለቦች ወጪ ከአቅም በላይ ስለሆነ ነው። ያውም የብዙው ክለብ ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ስለሚካሄድ ድቻን በየሁለት ሳምንቱ ሜዳችን ላይ ማየት ቀርቶብናል። ዋናውን ቡድን የምናየው በአብዛኛው በቴሌቪዥን ነው። ታዳጊዎቹ ግን የሰፈራችን ልጆች ናቸው። በስም ብናውቃቸው ከክለቡ ጋር የሚያስተሳስረን ገመድ ይጠብቃል።

ከሁሉም በላይ ግን የልጁን ሕይወት አስቡት። ቦዲቲ ወይም አረካ ወይም ገሱባ ያለ የ17 ዓመት ልጅ ኳስ ይችላል። ጓደኞቹ ግማሹ አዲስ አበባ ሎተሪ ሊያዞሩ ሄደዋል፤ ግማሹ ስለ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ነው የሚያወሩት። አባቱ «ኳስ እንጀራ አይሆንም» ይሉታል፤ ልክ አይደሉም ማለት አይቻልም። ያ ልጅ ከጎረቤት ወረዳ አንዱ ስሙ ሲጠራ ቢሰማ አንድ ዓመት ታግሦ ይሞክራል። ባይሳካለት እንኳ ትምህርቱን ሳያቋርጥ የሞከረ ልጅ ብዙ አይጎዳም።

ስለዚህ ለክለባችን አመራሮች በአክብሮት አራት ነገር እጠይቃለሁ፦

1. ያደጉትን ልጆች ስምና የመጡበትን ወረዳ እንደ ትልቅ ዝውውር በፎቶ አስተዋውቁልን።
2. የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ እያንዳንዳቸው ስንት ደቂቃ እንደተጫወቱ ንገሩን።
3. ምልመላው ሶዶ ላይ አይቁም፤ ሁምቦም፣ ኦፋም፣ ኪንዶ ኮይሻም ይድረስ።
4. ዕድሜ በትክክል ይመዝገብ፤ ትምህርትም አይቋረጥ። የ24 ዓመት ሰው በታዳጊ ስም ሲገባ የእውነተኛውን ልጅ ቦታ ነው የሚበላው።

ለእኛም ለደጋፊዎች አንድ አለኝ። የ18 ዓመት ልጅ ኳስ ሲያበላሽ ስድብ አናውርድበት። ለውድ ፈራሚ ግማሽ ዓመት የምንታገሥ ሰዎች ለልጃችን አምስት ጨዋታ መታገሥ አያቅተንም።

የዘንድሮው ዝርዝር ሲወጣ ንባቡን ከታች ጀምሩልኝ፤ ሰው ከማያውቃቸው ስሞች። እናንተስ ምን ትላላችሁ? የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ እንነጋገር፤ በጨዋነት ብቻ።