ለማሞ ወልዴ ምን ዓይነት ሙዚቃ ይስማማል?

ስለ ስፖርተኛ የተሠራ ፊልም ስናይ ልባችንን የሚነዳው የሯጩ እግር ሳይሆን የሙዚቃ ጓዱ ነው። ድኻው ልጅ ሲሸነፍ ቫዮሊኑ ያለቅስለታል፤ ሲነሣ ከበሮው ይከተለዋል፤ ጥሩምባው ሲነፋ ሳንወድ በግዳችን እንባችን ይመጣል። በ1969 ዓ.ም. የወጣው «ሮኪ» ያለ ቢል ኮንቲ ጥሩምባ ምን ይቀረው ነበር?

ይህን አንነቅፍም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ በተጫወተበት፣ በ1991 ዓ.ም. በታየው «ኢንዱራንስ» በተባለው ፊልም፣ ደብተሩን በክንዱ ሥር ይዞ ትምህርት ቤት የሚሮጠውን የአርሲ ልጅ የጆን ፓውል ሙዚቃ እስከ አትላንታ አጅቦታል። የፊልሙ ጫፍ የ10,000 ሜትር ወርቅ ስለሆነ ሙዚቃው ከታሪኩ ጋር አይጣላም።

ነገር ግን ታሪኩ በድል መስመር ላይ ያላበቃ ሯጭስ? በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ ቢቂላ ውድድሩን ሲያቋርጥ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨርሶ ወርቁን ያመጣልን ሻምበል ማሞ ወልዴ ነው። ይኸው ሰው በቀይ ሽብር ዘመን በተፈጸመ የአንድ ወጣት ግድያ ተከሶ ዘጠኝ ዓመት ያህል በእስር ቆየ። በ1994 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ ከዚያ በላይ ታስሮ ስለ ነበር ተለቀቀ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ዐረፈ።

ፊልሙን ሜክሲኮ ላይ በጥሩምባ ብንዘጋው ውሸት ይሆናል። እስር ቤቱን በቫዮሊን ብንሸፍነው ደግሞ የባሰ ነው፤ ፍርድ ቤት ስንት ዓመት የፈጀበትን ነገር ቫዮሊኑ በሁለት ደቂቃ ይፈርዳል፤ ማሞን ነጻ ያወጣል፤ የሟቹን ቤተሰብ ኀዘን ያስረሳል። ዋሽንት ይግባበት የሚሉ ጓደኞች አሉን። ዋሽንትም በዚያ ቦታ ያው ቫዮሊን ነው፤ ሸማ መልበሱ ብቻ ነው ልዩነቱ።

እኛ የምንለው፣ በእስሩ ዓመታት ሙዚቃው ፈጽሞ ዝም ይበል ነው። ከርቸሌ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል፤ እስረኛውም ያኔ ወደ ቃሊቲ ተዛውሮ ነበር። ስለዚህ ፊልሙን ለመሥራት የሚነሣ ሰው የዜማ ደራሲ ከመቅጠሩ በፊት በመጠየቂያ ቀን በአንድ ማረሚያ ቤት በር ላይ ይሰለፍ። መቅጃ ባይፈቀድለትም ጆሮውን ማንም አይከለክለውም፦ የስንቅ ሳሕን ሲከፈትና ሲከደን፣ ስም ሲጠራ፣ የተጠራው እስኪመጣ የሚቆየው ጸጥታ።