ሱቅ የሸጠው ሁሉ መንገድ ላይ አይፈቀድም

በፔታሕ ቲክቫ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የሰጉላ የኢንዱስትሪ ሰፈር ጋራዥና የመለዋወጫ ሱቅ የበዛበት ሥፍራ ነው። ከልጆቻችን መካከል በካትኖዓ ወይም በኦፋኖዓ ምግብና ዕቃ እያደረሱ የሚተዳደሩ ጥቂት አይደሉም። ሞተሩ ሲበላሽ ወይም «ትንሽ ይሻሻል» ሲባል የሚወሰደው እንዲህ ወዳለ ሰፈር ነው። ሰጉላ የሚለው ቃል በዕብራይስጥ እንደ ክታብ ያለ ፍቱን ነገርንም ይገልጻል፤ ከፖሊስ መቀጫ የሚያድን ክታብ ግን እስካሁን እዚያም አይሸጥም።

ብዙ ቤተሰቦችን የሚያሳስታቸው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም «ሱቅ ውስጥ በግልጽ ከተሸጠ የተፈቀደ ነው» ብሎ ማሰብ ነው። ለምሳሌ አንዳንድ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ለእሽቅድምድም ብቻ ተብሎ የተሠራ ነው። ይህም በካርቶኑ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። መሸጡ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ገጥሞ በከተማ መንገድ መንዳት ግን ክልክል ነው። ተጠያቂው ደግሞ ሻጩ ሳይሆን የሚነዳውና ባለንብረቱ ነው። በእስራኤል የትራፊክ ሕግ፣ ማን እንደነዳ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ ባለንብረቱ እንደነዳ ይቆጠራል። ስለዚህ ለልጃቸው ሲሉ ሞተሩን በስማቸው ያስመዘገቡ አባት የመቀጫው ደብዳቤ የሚደርሰው በእሳቸው አድራሻ ነው።

ይሁን እንጂ የፋብሪካው ስም የሌለበት ዕቃ ሁሉ ሕገ ወጥ ነው ማለት አይደለም። ሌላ አምራች የሠራው፣ በዕብራይስጥ «ታሕሊፊ» የሚባለው መለዋወጫ፣ ደረጃውን እስካሟላ ድረስ የተፈቀደና ብዙ ጊዜም ርካሽ ነው። በ2016 የወጣው የተሽከርካሪ ዘርፍ አገልግሎቶችና ሙያዎች ፈቃድ ሕግ ይህን ንግድ ሥርዓት ለማስያዝ የታሰበ ነው። ያለቀ የፍሬን ሸራን በተመሳሳይ ሸራ መለወጥ ጥገና ነው። ተሽከርካሪውን ከፋብሪካ ከወጣበት ሁኔታ መለወጥ ግን «ሺኑይ ሚቭኔ»፣ ማለትም የአሠራር ለውጥ ይባላል፤ ለዚህ የሚስራድ ሃታሕቡራ (የትራንስፖርት ሚኒስቴር) የፈቃድ ክፍል አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። በሪሽዮን ሬኼቭ፣ በተሽከርካሪው ፈቃድ ወረቀት ላይ፣ የጎማው ልክና ሌሎች ዝርዝሮች ተጽፈዋል። ዕብራይስጥ ገና ያልለመደ ሰው እንኳ ቁጥሮቹን አዲስ ከሚገዛው ጎማ ጋር ሊያስተያይ ይችላል።

ዕቃው ራሱ ላይም የሚነበብ ምልክት አለ። በ1958 በጄኔቫ በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት መሠረት ምርመራ ያለፈ ዕቃ በክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ፊደልና ቁጥር ይታተምበታል፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ኢጣሊያ ማለት ነው። ቁጥሩ ያጸደቀውን አገር እንጂ የተሠራበትን አገር አያመለክትም። ሄልሜት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ጎማ ሁሉም ይህን ምልክት ይይዛሉ። የማርሚታ ጉዳይ ግን ጠንከር ያለ ነው፤ ማጽደቂያው ለተወሰኑ የሞተር ዓይነቶች ብቻ ስለሆነ የአንዱ ለሌላው አያገለግልም። በውስጡ ያለው የድምፅ መቀነሻ ሲወጣ ደግሞ ምልክቱ ትርጉም የለውም።

ከሁሉ የከፋው የሞተሩን ጉልበት መጨመር ነው። ከ16 ዓመት ጀምሮ የሚሰጠው ኤ2 መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው እስከ 125 ሲሲና እስከ 14.6 የፈረስ ጉልበት ነው። ኤ1 ከ18 ዓመት ጀምሮ እስከ 35 ኪሎዋት ይፈቅዳል። ትልቅ ሲሊንደር ያስገጠመ ወጣት ሳያውቀው ከፈቃዱ ልክ ሊያልፍ ይችላል። በ1975 የወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ለተጎዳ ሰው ይከፍላል፤ ለዚያ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ነጂ ግን የካሳ መብት አይሰጥም። ዘመናዊ መስሎ የተገዛ ዕቃ እግሩ ለተሰበረ ልጅ የካሳ ክርክር ይዞበት ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመኪና ስርቆትን ለመከላከል በ1998 በወጣው ሕግ ያገለገሉ መለዋወጫዎች ንግድ ምዝገባ ይጠይቃል። ያለ ደረሰኝ ከጓሮ የተገዛ ርካሽ ዕቃ ከተሰረቀ ሞተር የተፈታ ከሆነ ጣጣው የገዢውም ነው።

በኢትዮጵያ ቦሎ ለመለጠፍ ተሽከርካሪ እንደሚመረመር ሁሉ እዚህም ቴስት አለ። ለቴስት ቀን የፋብሪካውን ማርሚታ አስገጥሞ በማግስቱ መልሶ መፍታት የታወቀ ብልሃት ነው። ቴስት የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፤ ፖሊስ ግን ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ጉድለት ካገኘ «ሆራዳ ሜሀክቪሽ» ይጽፋል፤ ሞተሩ ተስተካክሎ እንደገና እስኪመረመር ድረስ አይነዳም። በሞተሩ ለሚተዳደር ሰው እነዚያ ቀናት ደመወዝ የሌላቸው ናቸው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሻጩን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይበጃል፦ «ዜ ሜኡሻር ላክቪሽ?» (ይህ ለመንገድ የተፈቀደ ነው?) «ዬሽ ኢሹር ቢኽታቭ?» (በጽሑፍ ማረጋገጫ አለው?)። «አዎን» ካለ የሞተሩ ዓይነትና የዕቃው ስም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በአፉ አዎን ብሎ በደረሰኝ ለመጻፍ የሚያመነታ ነጋዴ ካለ፣ በሰጉላ ሌላ ሱቅ አይጠፋም።