የፎገራ ስም ይጠበቅ፤ ከእንግሊዝ አገር ሽርሽር የተገኘ ትዝብት

ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው በመጋዘን የተከማቸ ዕቃ ይሸጣል፣ ይበላሻል ወይም ይሰረቃል፤ ለዕቃው የወጣለት መልካም ስም ግን ከተጠበቀ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ለሰው የተነገረ ቢሆንም ለንግድም ይሠራል። በአገራችን የድርጅቱን ስም በደንብ አስመዝግቦ በሱቁ በር ላይ የሚሰቅል ነጋዴ ብዙ ነው፤ የሚሸጠው ምርት የበቀለበትን ቦታ ስም እንደ ሀብት ቆጥሮ የሚጠብቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ወረታ ገበያና ስለ ፎገራ ሜዳ ይህንኑ ጉዳይ ለክቡራን አንባቢዎች ለማሳሰብ እወዳለሁ።

እኔ የወረታ ተወላጅ ስሆን ጥቂት ዓመታት ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ኖሬያለሁ። የእንግሊዝ ሕዝብ ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ ዳቦውንና ሻዩን በቅርጫት ይዞ ልጆቹን ወደ ገጠር የመውሰድ ልማድ አለው፤ እኛም የጎረቤቶቻችንን ልማድ ተከትለን እንዲሁ እናደርግ ነበር። ከሁሉ አስቀድመን የሄድነው፣ በዚያ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሊያየው ወደሚመኘው በባዝ ከተማ ወደሚገኘው ፌርፊልድ ቤት ነው። ይህ ቤት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበትና በ1958 ለከተማው በስጦታ የሰጡት ነው። በዚያ የአገራችንን ታሪክ ለልጆቻችን አሳየን። ለንግድ ትምህርት የሆነንን ነገር ያየነው ግን ከዚያ በኋላ በተጓዝንባቸው ሦስት ቦታዎች ነው።

የመጀመሪያው ከብሪስቶል በስተ ደቡብ በሰመርሴት አውራጃ የምትገኘው ቼዳር የተባለችው መንደር ናት። መንደሪቱ ከትልቅ ገደል ሥር የተቀመጠች ስትሆን፣ በገደሉ ውስጥ ያሉት ዋሻዎች ቀዝቃዛና እርጥበት ያላቸው በመሆናቸው አይብ እስኪደርስ ለማቆየት ያገለግላሉ። በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት የአይብ ዓይነቶች አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚህች መንደር ነው። ነገር ግን ስሙ በጊዜው ጠባቂ ስላልነበረው ዛሬ በካናዳ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራልያና በኒው ዚላንድ የሚሠራው አይብ ሁሉ ቼዳር እየተባለ ይሸጣል፤ በመንደሪቱ ውስጥ አይብ የሚሠራው ግን አንድ ድርጅት ብቻ ነው። የዚያ አካባቢ ገበሬዎች ዘግይተው እ.ኤ.አ. በ1996 «የምዕራብ አገር የገበሬ ቤት ቼዳር» ለሚለው ረጅም ስም የአውሮጳ ሕግ ጥበቃ አገኙ። አጭሩንና ዓለም የሚያውቀውን ስም ግን ማንም ሊያስመልስላቸው አልቻለም።

ከዚያ ስንመለስ ታላቂቱ ልጄ «አባባ፣ በእኛ አገር ስም የሚጠራ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የፎገራ ሩዝ አለ» አልኳት። «ታዲያ በከረጢቱ ላይ ስሙ ተጽፏል?» ስትለኝ የምመልሰው ቃል አላገኘሁም።

የፎገራ ሩዝ ዕድሜው ረጅም አይደለም። ሜዳው የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ ሲገቡ በክረምት የሚያጥለቀልቁት በመሆኑ፣ ቀድሞ በዝናቡ ወራት ብዙ ሰብል አይበቅልበትም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ተሞክሮ ውኃው ጠላት መሆኑ ቀርቶ ረዳት ሆነ። ብዙ ገበሬ የሚያውቀው ኤክስ ጅግና የተባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ቦታ ነው። ዛሬ ገበሬው በክረምት ሩዙን ያመርታል፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ገለባውን ለከብቶቹ ያበላል። ሩዙም ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ዳቦ ይጋገርበታል፣ ጠላና አረቄ ይወጣበታል። መንግሥትም ብሔራዊውን የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያቋቋመው በዚሁ በፎገራ ነው።

እንዲህ ያለ ሀብት ያለው አገር ምርቱን ወደ ገበያ የሚያወጣበት መንገድ ግን ያሳዝናል። በአዲስ አበባ ሱቆች ከህንድና ከፓኪስታን የመጣው ሩዝ ስሙ፣ ሚዛኑና የመጣበት አገር በከረጢቱ ላይ ታትሞ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የፎገራው ሩዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአፉ ከተከፈተ ጆንያ፣ ስባሪውና ሙሉው ሳይለይ በኪሎ እየተሰፈረ ይሸጣል። ባስማቲ የሚለውን ስም ለማስጠበቅ ህንድና ፓኪስታን እስከ አውሮጳ ድረስ ሄደው ይከራከራሉ። አስመጪዎቻችን ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ለአንድ ቃል ብለው ሁለት መንግሥታት የሚከራከሩት ቃሉ ገንዘብ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ከሎንዶን ወደ ሰሜን በሚወስደው በጥንቱ ታላቅ መንገድ ላይ ያለችው የስቲልተን መንደር ናት። ስሟን የያዘው ባለ ሰማያዊ መሥመር አይብ በእንግሊዝ አገር የከበረ ነው። ይሁን እንጂ አይቡ ስሙን ያገኘው በመንደሪቱ ከመሸጡ የተነሣ ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በፈረስ ሠረገላ የሚጓዙ መንገደኞች ቤል በተባለው የእንግዳ ማረፊያ ሲያርፉ አይቡን ቀምሰው እየገዙ ስሙን በየአገሩ አደረሱት። ሠሪዎቹ ከቼዳር ሰዎች ይልቅ ብልሆች ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ1966 የማረጋገጫ የንግድ ምልክት አስመዘገቡ፤ ከ1996 ጀምሮም በሕግ በተወሰኑት በሦስቱ አውራጃዎች፣ በደርቢሺር፣ በሌስተርሺርና በኖቲንግሃምሺር ካልተሠራ በቀር ማንም አይቡን በዚህ ስም ሊሸጥ አይችልም። የስቲልተን መንደር ራሷ ከሦስቱ አውራጃዎች ውጭ ስለሆነች በስሟ የሚጠራውን አይብ ልትሠራ አትችልም። ሕጉ ይህን ያህል የጠበቀ በመሆኑ ስሙ እስከ ዛሬ ዋጋውን ይዞ ይኖራል።

ወረታን ያየ ሰው ይህን ሲሰማ የራሱን ከተማ ማስታወሱ አይቀርም። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚታጠፈው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚወጣው፣ ለገናም ከባሕር ዳር በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚሄደው ምእመንና አገር ጎብኚ ሁሉ በዚህች መታጠፊያ ያልፋል። ስቲልተንን ስም ያወጣላት አላፊ መንገደኛ ነበር። እኛ ግን መንገደኛው ሻይ ጠጥቶ ሲነሣ በእጁ ይዞት የሚሄደው፣ የፎገራ ስም የተጻፈበት የአንድ ወይም የሁለት ኪሎ ንጹሕ ከረጢት አላዘጋጀንለትም። ለዘመድ የሚወሰድ ስጦታ ከምንም ማስታወቂያ ይበልጣል፤ ተቀባዩ ቀምሶ ከወደደው በከተማው ሱቅ ያንኑ ስም ጠርቶ ይጠይቃልና።

ሦስተኛው ሽርሽራችን ወደ ሄርፎርድ ከተማ ነበር። በከተማው አደባባይ የነሐስ ኮርማ ሐውልት ቆሟል፤ ልጆቻችንም ከሥሩ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ። ሄርፎርድ የሚባለው ፊቱ ነጭ፣ አካሉ ቀይ የሆነው የሥጋ ከብት ከዚህ አውራጃ ተነሥቶ እስከ አሜሪካ፣ አርጀንቲናና አውስትራልያ ተዳርሷል። ለዚህ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1846 የተጀመረው የዘር መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ኮርማና ላም ከማን እንደተወለደ በመጽሐፍ ስለተጻፈ፣ ባሕር ማዶ ያለ ገዢ የሚገዛውን ነገር ሳያይ አምኖ ገንዘቡን ይልካል።

የፎገራ ከብትም ከዚህ የሚያንስ ቁም ነገር የለውም። ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የሆነው ይህ ከብት ረግረግና የውኃ ሙላት፣ ዝንብና ሙቀት በበዛበት ሜዳ ኖሮ ወተት የሚሰጥ፣ የሚያርስ፣ ሥጋውም የሚወደድ ነው። ከባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው፣ ዘሩን ለመጠበቅ ብዙ ደክሟል። ነገር ግን የግጦሽ መሬቱ በሩዝ እርሻ እየተተካ፣ ከብቱም ከሌላ ዘር ጋር እየተዳቀለ በመሄዱ ንጹሑ የፎገራ ዘር እየተመናመነ ነው። እንግዲህ አንዱ የፎገራ ሀብት ሌላውን እየገፋው መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሩዙ ይቅር የሚል ሰው የለም፤ ሆኖም በከብት ንግድ የተሰማራው ነጋዴ ለታወቀ ንጹሕ ዘር ብልጫ ያለው ዋጋ ካልከፈለ ገበሬው ዘሩን የሚያቆይበት ምክንያት አያገኝም።

እነዚህ ምሳሌዎች የባዕድ አገር ናቸው፣ ለእኛ አይስማሙም የሚል ቢኖር ስለ ቡናችን ላስታውሰው። መንግሥታችን ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በተነሣ ጊዜ በአሜሪካ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ ይሁን እንጂ ክርክሩ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረገ። የቡና ላኪዎቻችን የቦታ ስም ምን ያህል እንደሚያወጣ ከዚያ ወዲህ በሚገባ ተረድተዋል። ለቡና የተቻለው ለሩዝ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

እርግጥ ነው፣ በወረታ ያሉ ወዳጆቼ ሁለት ነገር ይከራከሩኛል። አንደኛው፣ «ገዢው የሚያየው ዋጋ ነው፤ ከረጢት ማሳተም ወጪ ያበዛል» የሚል ነው። ይህ አባባል ለዛሬ እውነትነት አለው። ነገር ግን ስም የሌለው ዕቃ በዋጋ ብቻ የሚወዳደር በመሆኑ፣ ከውጭ የሚመጣው ሩዝ በረከሰ ቁጥር እኛም ለመውረድ እንገደዳለን፤ ውርደቱም መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ «ስሙን ከጻፍነው ሌላው አስመስሎ ይጽፈዋል» የሚል ነው። ይህ ስጋት ተገቢ ነው። ቼዳርን ያጠፋው ይኸው ነውና ስሙን ከመጻፍ አስቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለወረታና ለአካባቢው ነጋዴዎች የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የወል የንግድ ምልክትን ስለሚፈቅድ፣ የሩዝ ነጋዴዎች፣ ባለ መፈልፈያዎችና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአንድነት ማኅበር አቋቁመው የፎገራ ሩዝን ምልክት በኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን እንዲያስመዘግቡ ነው። አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢያስመዘግበው ወንድሞቹን ይጎዳል፤ የሁሉ ሲሆን ግን የሁሉ ጠባቂ ይኖረዋል።

ሁለተኛ፣ ምልክቱ የሚለጠፍበት ሩዝ ደረጃ እንዲወጣለት ነው። ሩዝ በመፈልፈያ የሚሰባበረው እርጥበቱ ሳይስተካከል ሲቀርና ረጅሙና አጭሩ ዘር ተቀላቅሎ ሲገባ ነው፤ ጠጠር የሚገባበትም በአፈር አውድማ ላይ ሲወቃ ነው። እርጥበቱ ከመቶ 14 ገደማ እስኪደርስ በጥላ ቀስ ብሎ ቢደርቅ፣ በሸራ ላይ ቢወቃ፣ ዘሩም ለየብቻ ቢፈለፈል ብዙው ስባሪ ይቀራል። ስባሪውንም መጣል አያስፈልግም፤ ስባሪ መሆኑ ተጽፎ ለእንጀራና ለጠላ በሚገባው ዋጋ ይሸጥ።

ሦስተኛ፣ በከረጢቱ ላይ ሚዛኑ፣ የዘሩ ስም፣ የተመረተበት ዓመትና የፈለፈለው ድርጅት ስም ይታተም። አንድ ኪሎ ብሎ ዘጠኝ መቶ ግራም የሚሞላ ሰው ከማኅበሩ እንዲወጣ ይደረግ። ከውጭ የመጣ ሩዝ በፎገራ ከረጢት የሚገለብጥም ቢገኝ ቅጣቱ ከዚህ የከበደ ይሁን።

አራተኛ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያሉ ሩዝ አስመጪዎች ይህን እንደ ጠላት ሥራ አይመልከቱት። መጋዘኑ፣ መኪናውና ደንበኛው የእነርሱ ነው። የውጭ ምንዛሪ በሚያጥርበት ጊዜ ደረጃው የታወቀ የአገር ውስጥ ሩዝ በመደርደሪያቸው ላይ ቢኖር የሚጠቀሙት ቀዳሚዎች እነርሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ለመጀመር ትልቅ ፋብሪካ መጠበቅ አያስፈልግም። አሥር ባለ መፈልፈያዎች ከኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በአንድ ደረጃ ቢስማሙ፣ ምክር ቤታችንም ሰነዱን በማዘጋጀትና በማስመዝገብ ቢረዳቸው፣ የመጪው መኸር ሩዝ ስሙን ይዞ ሊወጣ ይችላል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የፎገራ ስም ዛሬ ገና በእጃችን ነው፤ ሌላ ሰው ካነሣው በኋላ ግን ለማስመለስ የምናወጣው ገንዘብ ዛሬ ከሚጠይቀን የከረጢት ማሳተሚያ ዋጋ እጅግ የበዛ ይሆናል።